ከፍሳሽ ዝቃጭ የሚወጣው ጋዝ ምርቃት ነው

“ከሽንት ቤት ፍሳሽ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ተቻለ” የሚል ዜና በየጊዜው ብቅ ይላል። ሰው ይስቃል፣ ይገረማል፣ ለጓደኛው ያጋራል። ዜናው ውሸት አይደለም። ግን ነገሩን በጅራቱ በኩል ነው የሚይዘው። የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች ያን ሁሉ ገንዘብ አፍስሰው ግዙፍ የባዮጋዝ ማብላያ (ባክቴሪያ ዝቃጭ የሚያብላላበት ዝግ ታንክ) የሚገነቡት መብራት አጥተው አይደለም። የቸገራቸው ዝቃጩ፣ ማለትም ፍሳሹ ሲጣራ የሚቀረው ጭቃ መሰል ቆሻሻ ነው። ጋዙ ምርቃት ነው።

ይህን ለማየት ከዋሽንግተን ዲሲ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ዘጠነኛው ጎዳና አካባቢ ያለ አበሻ ሽንት ቤቱ ላይ ውሃ ሲለቅ ፍሳሹ የሚሄደው ከከተማዋ ደቡባዊ ጫፍ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ወዳለው የብሉ ፕሌይንስ ጣቢያ ነው። ጣቢያው የዲሲን፣ የሞንትጎመሪንና የፕሪንስ ጆርጅስን ካውንቲዎች፣ ከቨርጂኒያም የፌርፋክስንና የላውደንን ፍሳሽ በከፊል ይቀበላል። (አርሊንግተንና አሌክሳንድርያ ያላችሁ የራሳችሁ ጣቢያ አላችሁ።) ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያገለግላል። በቀን በአማካይ 384 ሚሊዮን ጋሎን፣ ማለትም 1.45 ቢሊዮን ሊትር ገደማ የማጣራት አቅም አለው። በዓይነቱ በዓለም ትልቁ ነው ይባልለታል።

ይህ ሁሉ ውሃ ሲጣራ ከውስጡ የወጣው ቆሻሻ የትም አልጠፋም። የሰፈረበት ቦታ ነው የተቀየረው። መጀመሪያ ፍሳሹ በትልልቅ ገንዳዎች ውስጥ ቀስ እያለ ሲያልፍ ከባዱ ነገር ወደ ታች ይዘቅጣል። ይህ አንደኛው ዝቃጭ ነው። ቀጥሎ ውሃው ውስጥ የሟሟውን ቆሻሻ ባክቴሪያዎች እንዲበሉት አየር ይነፋላቸዋል። በልተው ይባዛሉ። የተባዙትን ትርፍ ባክቴሪያዎች ማስወጣት ግድ ነው። ይህ ሁለተኛው ዝቃጭ ነው። ሁለቱም አብዛኛው ክፍላቸው ውሃ ነው። ይሸታሉ፣ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ይይዛሉ፣ በየቀኑም ይመጣሉ። ዛሬ ሥራ የለም፣ በዓል ነው አይባልም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። አንድ ከተማ ወንዙን ለመጠበቅ ብሎ ፍሳሹን ይበልጥ ባጣራ ቁጥር ዝቃጩ ይበዛል። ፖቶማክ በጠራ መጠን የብሉ ፕሌይንስ ጓሮ ተጨናነቀ ማለት ነው።

ታዲያ የት ይጣል? የዚህ ጥያቄ ታሪክ አያኮራም። ኒውዮርክ ዝቃጯን በመርከብ ጭና አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ስትደፋ ኖራለች። ያቆመችው በ1992 ነው፤ እሱም በሕግ ተገድዳ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በቴል አቪቭ ዙሪያ ላሉ ከተሞች የሚሠራው ሻፍዳን የተባለ ማጣሪያ ጣቢያ ደግሞ ዝቃጩን በቧንቧ ወደ ሜዲትራንያን ባሕር ሲለቅ ቆይቶ ያቆመው በ2017 ነው። ሪሾን ለጽዮን አካባቢ የምትኖሩ ወገኖች የዚያን ጣቢያ ጠረን ሳታውቁት አትቀሩም። እስራኤል ውሃን መልሶ በመጠቀም በዓለም የምትጠቀስ አገር ናት። ከሻፍዳን የሚወጣው የተጣራ ውሃ የኔጌቭን እርሻ ያጠጣል። ዝቃጩ ግን ለአሥርተ ዓመታት ባሕር ነበር መጨረሻው። ውሃ የሚያኮራ ፕሮጀክት ይሆናል። ለዝቃጭ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን ማግኘት ከባድ ነው። ባሕሩ ሲከለከል ሻፍዳንም የገነባው ማብላያ ነው።

ወደ ዲሲ እንመለስ። ብሉ ፕሌይንስ ለዓመታት የተጠቀመበት ዘዴ ቀላል ነበር። ዝቃጩ በማሽን ይጨመቃል፣ ኖራ ይደባለቅበታል፣ በጭነት መኪና ይጫናል፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ እርሻዎች ላይ ይበተናል። ኖራው ተሕዋስያኑን ይቀንሳል፣ ሽታውንም ለጊዜው ያስታግሳል። ግን ኖራ ራሱ ክብደት አለው። ዝቃጩን ለማስወገድ ብለህ ሌላ ዕቃ እየጨመርክበት ትጭናለህ። በቀን ከ1,000 ቶን በላይ እርጥብ ጭነት ከጣቢያው ይወጣ ነበር። ናፍጣው፣ ሾፌሩ፣ መንገዱ፣ ከእርሻዎቹ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች ቅሬታ፣ ሁሉም ከዚያው ጋር ይመጣል። ለዋሽንግተን ቅርብ የነበረው እርሻም በየዓመቱ ወደ መኖሪያ ቤት እየተቀየረ መኪናው የሚሄድበት ርቀት ይረዝማል።

በ2015 ጣቢያው 470 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ አዲስ ግንባታ አስመረቀ። እያንዳንዳቸው 3.8 ሚሊዮን ጋሎን የሚይዙ አራት ማብላያዎች ናቸው። አንዱ ብቻ ከ14 ሚሊዮን ሊትር በላይ ይይዛል።

በማብላያው ውስጥ የሚሆነው ነገር ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ኤክሴተር የምትባል ከተማ በ1890ዎቹ ከፍሳሽ ጉድጓድ በወጣ ጋዝ መብራት አብርታበታለች። ታንኩ ይዘጋል፣ አየር እንዳይገባ ይደረጋል፣ ሙቀቱ ከ35 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይያዛል። ከዚያ ባክቴሪያዎቹ እየተቀባበሉ ይሠራሉ። የመጀመሪያዎቹ ቅባቱን፣ ፕሮቲኑንና ስታርቹን ይሰባብራሉ። ቀጣዮቹ የተሰባበረውን ወደ አሲድ ይለውጣሉ። ሦስተኛዎቹ አሲዱን ወደ አሴቲክ አሲድና ሃይድሮጅን ያቀሉታል። በመጨረሻ የሚመጡት ባክቴሪያ እንኳን አይደሉም፤ አርኬያ የሚባሉ ጥንታዊ ፍጥረታት ናቸው። የሚቃጠለውን ጋዝ፣ ማለትም ሚቴንን የሚሠሩት እነሱ ናቸው።

አርኬያዎቹ ቅምጥሎች ናቸው። ቀስ ብለው ነው የሚባዙት። ሙቀት በድንገት ሲለዋወጥ ይከፋቸዋል። አሲድ አይወዱም። አሲድ ሠሪዎቹ ግን ፈጣኖች ናቸው። ታንኩ ውስጥ በአንድ ጊዜ ብዙ ዝቃጭ ከተጨመረ አሲዱ ይበዛና አርኬያዎቹ ሥራ ያቆማሉ። እነሱ ሲያቆሙ አሲዱን የሚበላው ይጠፋና ይብሱን ይከማቻል። ታንኩ ኮመጠጠ ማለት ይህ ነው። የኮመጠጠ ማብላያ እስኪያገግም ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ዝቃጩ ደግሞ አይጠብቅም፤ በየቀኑ እየመጣ ነው። ስለዚህ የማብላያ ኦፕሬተር ዋና ችሎታ አለመቸኮል ነው።

ተራ ማብላያ ዝቃጩን ሁለትና ሦስት ሳምንት ይዞ ከሚበሰብሰው ክፍል ግማሽ ገደማውን ወደ ጋዝ ይለውጣል። ቀሪው እንቢ ይላል። ምክንያቱ በተለይ ሁለተኛው ዝቃጭ የባክቴሪያ ሬሳ መሆኑ ነው። የባክቴሪያ ግድግዳ ጠንካራ ነው፤ ሌላ ባክቴሪያ በቀላሉ አይሰብረውም። ብሉ ፕሌይንስ ለዚህ መፍትሔ ያመጣው ከኖርዌይ ነው። ካምቢ የሚባል ኩባንያ ቴክኖሎጂውን መጀመሪያ በሥራ ላይ ያዋለው በ1990ዎቹ አጋማሽ ሃማር በምትባል የኖርዌይ ከተማ ነበር። ሐሳቡ የፕሬሸር ኩከር ሐሳብ ነው። ዝቃጩ ወደ ማብላያው ከመግባቱ በፊት በተዘጋ ብረት ዕቃ ውስጥ በእንፋሎት ከ160 ዲግሪ በላይ ይቀቀላል፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ። ከዚያ ግፊቱ በአንዴ ይለቀቃል። የባክቴሪያው ግድግዳ ይፈነዳል። ውስጡ ያለው ሁሉ ለማብላያው የተዘጋጀ ምግብ ይሆናል።

ትርፉ ብዙ ነው። ሙቀቱ ተሕዋስያኑን ስለሚገድል ውጤቱ በአሜሪካ ሕግ ከተሕዋስያን ለጸዳ ዝቃጭ የሚሰጠውን ደረጃ ኤ ያሟላል። ኖራ አያስፈልግም። የተቀቀለ ዝቃጭ ስለሚቀጥን በጣም የወፈረ ዝቃጭ ማስገባት ይቻላል። በዚያ ምክንያት የታንኩ መጠን ወደ ግማሽ ይወርዳል። ከማብላያው ሲወጣም ውሃው ተጨምቆ በቀላሉ ይለቀቃል። የሚጓጓዘው ጭነት በቀን ወደ 450 ቶን ገደማ ወረደ። የቅነሳው አንዱ ክፍል ወደ ጋዝ የተለወጠው ነው። ሌላው ከእንግዲህ የማይጨመረው ኖራና የተጨመቀው ውሃ ነው።

ዜናው ላይ የወጣው ግን ኤሌክትሪኩ ነበር። ጋዙ ተርባይን ያዞራል፣ የተርባይኑ ትኩስ ጭስ እንፋሎት ያፈላል፣ እንፋሎቱ ዝቃጩን ይቀቅላል። ከዚህ ሁሉ የሚገኘው የተጣራ ኃይል ወደ 10 ሜጋዋት ነው። ጣቢያው ከሚፈልገው አንድ ሦስተኛው ገደማ ማለት ነው። መጥፎ አይደለም።

አሁን ሂሳቡን እንምታው። 10 ሜጋዋት ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን ሳይቋረጥ ቢሠራ 87.6 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ኪሎዋት ሰዓቱን ለሂሳቡ ያህል በ10 የአሜሪካ ሳንቲም እናስላው። በዓመት 8.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። 470 ሚሊዮኑን በዚህ ብቻ ለመመለስ ከ50 ዓመት በላይ ይፈጃል። ወለድ ሳይቆጠር፣ ጥገና ሳይቆጠር። ለኤሌክትሪክ ብሎ ይህን የሚገነባ ሰው ካለ የሂሳብ ሠራተኛውን ይቀይር። ፕሮጀክቱ ስሜት የሚሰጠው ከግማሽ በላይ የቀነሰውን ጭነት፣ የቀረውን የኖራ ወጪ፣ የተሻለውን የዝቃጭ ደረጃ አብረን ስንቆጥር ነው። ለዚህ ነው ምርቃት ያልኩት። ምርቃት ይወደዳል፤ ግን ለምርቃት ብሎ ገበያ የሚሄድ የለም።

ምርቃቱም ራሱ ጣጣ አለው። የምንቀባው ሎሽንና የምንታጠብበት ሻምፑ ሲሎክሴን የሚባሉ ነገሮች አሏቸው። ከፍሳሹ ወደ ዝቃጩ፣ ከዝቃጩ ወደ ጋዙ ይገባሉ። ጋዙ ሲቃጠል አሸዋ መሰል ነገር ሆነው የሞተሩ ውስጥ ይለጠፋሉ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ደግሞ ብረት ይበላል፣ ሰውም ይገድላል። ስለዚህ ጋዙ ከመቃጠሉ በፊት ራሱ መጣራት አለበት። ፎስፈረስ፣ አሞኒያና ማግኒዚየም ተገናኝተው ስትሩቫይት የሚባል ድንጋይ ይሠሩና ቧንቧ ይደፍናሉ። ከማብላያው የሚጨመቀው ውሃ በአሞኒያ የተሞላ ነው። እሱ ተመልሶ ወደ ጣቢያው መጀመሪያ ይገባል፤ ማለትም የተገላገልከው ናይትሮጅን አሞኒያ ሆኖ በጓሮ በር ይመለሳል። ብሉ ፕሌይንስ ለዚህ ብቻ ሌላ ማጣሪያ ገንብቷል።

ከሁሉ የሚከፋው ማፍሰሱ ነው። ሚቴን በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሃያ ሰባት እጥፍ ገደማ አየሩን ያሞቃል። ጋዙን ይዞ ማቃጠል ጥሩ ነው፤ በክዳኑና በቧንቧው ክፍተት ካመለጠ ግን ከመጀመሪያው አለመሥራቱ ይሻል ነበር ያሰኛል። በ2023 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መሣሪያ በጫነ መኪና በአሜሪካ ጣቢያዎች ዙሪያ እየዞሩ ለኩ። ከጣቢያዎቹ የሚወጣው ሚቴን በመንግሥት ከሚገመተው ወደ እጥፍ የተጠጋ ሆነ። ይበልጥ የሚያወጡት ደግሞ ማብላያ ያላቸው ነበሩ። ይህ ማብላያ አትገንቡ ማለት አይደለም። ገንብታችሁ ክዳኑን አትርሱት ማለት ነው። ሪባን ከተቆረጠ ከአሥር ዓመት በኋላ ለማሸጊያ ጎማ በጀት የሚጠይቅ ኢንጂነር ግን በየአገሩ ብቸኛ ሰው ነው።

እስካሁን ያልነካነው ከባዱ ጉዳይ ነው። ማብላያው ከጨረሰ በኋላም ቀሪ አለ። ብሉ ፕሌይንስን የሚያስተዳድረው የከተማዋ የውሃ ድርጅት ዲሲ ዋተር ይህን ቀሪ “ብሉም” የሚል ስም ሰጥቶ ለአትክልተኛና ለገበሬ ይሸጣል። ጥቁር፣ አፈር የሚመስል ነገር ነው። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አለው። ሚልዋኪ ከተማ ከ1920ዎቹ ጀምራ የደረቀ ዝቃጭ በከረጢት ስትሸጥ ኖራለች፤ ንግዱ አዲስ አይደለም።

አዲሱ ነገር ፒፋስ ነው። የማይጣበቅ መጥበሻ፣ ውሃ የማያስገባ ልብስ፣ የእሳት አደጋ አረፋ፣ የምግብ መጠቅለያ ወረቀት ላይ የኖረ የኬሚካል ቤተሰብ ነው። ዘላለማዊ ኬሚካል ይሉታል፤ በተፈጥሮ ስለማይፈርስ። ባክቴሪያ አይበላውም። ማብላያውም፣ 160 ዲግሪው እንፋሎትም አይነካውም። እንዲያውም የቀረው ዝቃጭ ሲያንስ ፒፋሱ በእያንዳንዱ ኪሎ ላይ ሊበረክት ይችላል። ሜይን የተባለችው ግዛት የገበሬዎቿ የውሃ ጉድጓድና ወተት ተበክሎ ስላገኘችው በ2022 ዝቃጭ እርሻ ላይ መበተንን ሙሉ በሙሉ ከለከለች። በጥር 2025 የአሜሪካ አካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ባወጣው ረቂቅ ጥናት፣ ከፒፋስ ቤተሰብ የሁለቱ መጠን በአንድ ኪሎ ዝቃጭ 1 ማይክሮግራም ቢሆን እንኳ እርሻው ላይ ለሚኖሩና ምርቱን ለሚበሉ ሰዎች አደጋው ተቀባይነት ካለው በላይ ሊሆን ይችላል አለ። ረቂቅ ነው፤ ሁሉንም በላተኛ የሚመለከት ስሌትም አይደለም። ግን ቁጥሩ ትንሽ ነው። በየሳሎናችንና በየኩሽናችን ያለው ዕቃ ሁሉ ለፍሳሹ ድርሻውን ያዋጣል።

የሜይን እገዳ ደግሞ የራሱን ጉድ አመጣ። እርሻ የተከለከለው ዝቃጭ ወደ ቆሻሻ መቅበሪያ ሄደ። እርጥብ ዝቃጭ ብቻውን አይቀበርም፤ ክምሩ ይንሸራተታል። የሚደግፈው ደረቅ ቆሻሻ ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ አነሰ። በ2023 ዝቃጩ በመኪና ድንበር ተሻግሮ ካናዳ፣ ኒው ብራንስዊክ ድረስ ተጓዘ። ተመልሰን እዚያው ጥያቄ ላይ ነን። የት ይጣል?

ለእኔ የተሻለውን መንገድ ያሳየችው ሚሺጋን ናት። ከ2018 ጀምሮ ባለሥልጣናቱ ማጣሪያ ጣቢያዎቹን ፒፋሱን የሚለቁባቸውን ፋብሪካዎች ፈልጉ አሏቸው። ብዙዎቹ ብረት በክሮም የሚለብጡ ወርክሾፖች ሆነው ተገኙ። ፋብሪካዎቹ በራሳቸው ደጃፍ ማጣሪያ ሲተክሉ ከበርካታ ጣቢያዎች የሚወጣው መጠን በእጅጉ ወረደ። በመጨረሻው ታንክ ላይ ከመጨነቅ በመጀመሪያው ቧንቧ ላይ መጨከን ርካሽ ነው።

ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባ ምን ይላታል? “እነሱ ሠሩ፣ እኛም እንሥራ” ብሎ መነሳት ቀላል ነው። ሁኔታው ግን ይለያል። አብዛኛው የአዲስ አበባ ነዋሪ ከፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኘም። ጉድጓድ ወይም ሴፕቲክ ታንክ ነው ያለው። ሲሞላ የፍሳሽ ማንሻ መኪና ይጠራል፤ የመጣውን ዝቃጭ በቃሊቲና በኮተቤ ማድረቂያ መደቦች ላይ መድፋት የኖረ አሠራር ነው። ይህ ዝቃጭ በጉድጓዱ ውስጥ ለዓመታት ሲበሰብስ የኖረ ነው። ማብላያ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ጉድጓዱ ቀድሞ በከፊል ሠርቶታል፤ ሚቴኑም ወደ ሰማይ ወጥቷል። በእንዲህ ዓይነት ዝቃጭ የተሞላ ማብላያ የሚሰጠው ጋዝ አነስተኛ ነው። ከእነ ብሉ ፕሌይንስ ትኩስ ዝቃጭ ጋር አይወዳደርም።

ሁለተኛው የአየሩ ጠባይ ነው። የአዲስ አበባ አማካይ ሙቀት 16 እና 17 ዲግሪ ገደማ ነው። ማብላያ 35 ይፈልጋል። ስለዚህ ከሚገኘው ጋዝ ጥሩ ድርሻው ታንኩን ለማሞቅ ይውላል። ሦስተኛው፣ ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከግድብ የሚመጣና ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። ዲሲን እንኳ በኤሌክትሪክ ብቻ ያላዋጣ ሂሳብ እዚህ ጭራሽ አይታሰብም። (ከረጲው ማመንጫ ጋር እንዳይምታታ። እሱ ደረቅ ቆሻሻ የሚያቃጥል ነው፤ ማብላያ የለበትም።)

በገጠር የተሠራው ሌላ ታሪክ ነው። በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ገበሬውን በከብት እበት የሚሠራ የጓሮ ማብላያ አስተዋወቀው። እዚያ ጋዙ እውነትም ዋናው ነገር ነው፤ ማገዶና ጭስ ይቀንሳል። እበቱ ትኩስ ነው፣ ፋብሪካ አልነካውም፣ ተረፈ ምርቱም ከጓሮው አይወጣም። የአዲስ አበባ ዝቃጭ ከሦስቱ አንዱንም አያሟላም።

የቃሊቲው አዲስ ጣቢያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ነው የተሠራው። መስመሩ እየተስፋፋ ቤቶች ሲገናኙ ትኩስ ዝቃጭ ይበዛል። ያኔ የማብላያ ጥያቄ በትክክል ይመጣል። እስከዚያ ሁለት ሥራዎች ቅድሚያ አላቸው ባይ ነኝ። አንደኛው ማድረቂያው ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ፀሐይ ያለ ምንም ተርባይን ዝቃጭ ይደርቃል። በክረምት ግን ክፍት መደብ ውሃ ይይዛል፤ ከላይ ብርሃን የሚያስገባ ጣሪያ ማልበስ ከአንድ ማብላያ ጋር ሲተያይ የሳንቲም ወጪ ነው። ሁለተኛው ክሮም ነው። በአቃቂ ወንዝ ተፋሰስ ያሉ ቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳ ለማልፋት ክሮም የሚባለውን ብረት ይጠቀማሉ። ክሮም እንደ ፒፋስ ሁሉ በማብላያ አይጠፋም። የፋብሪካ ፍሳሽ ወደ ከተማው መስመር ከገባ ክሮሙ ዝቃጩ ውስጥ ይቀመጣል፤ ዝቃጩን ማዳበሪያ ብሎ ለገበሬ መስጠትም አይቻልም። በዚያው በአቃቂ ዳር ደግሞ ከተማው የሚበላው ጎመንና ሰላጣ ይበቅላል። ክሮሙ በየፋብሪካው ግቢ ተለይቶ እንዲቀር ማስገደድ የባለሥልጣን ፊርማና አዘውትሮ የሚሄድ መርማሪ ይፈልጋል። 470 ሚሊዮን ዶላር አይፈልግም።